ጨረር የነካው ቧንቧ

በ2003 ዓ.ም. ጳጉሜን ላይ ጽናት ከደብረ ብርሃን መናኸሪያ ወደ መሐል ሜዳ በሚሄድ ሚኒባስ ለመሳፈር ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምራ ቆማ ነበር። መኪናው የሞላው አራት ሰዓት ላይ ነው።

ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። መሐል ሜዳ ፊዚክስ ታስተምራለች። ሌሎች መምህራን ክረምቱን ሲያርፉ እሷ ለሁለተኛ ዲግሪዋ አዲስ አበባ ትወርዳለች፤ ይኼ ሦስተኛ ክረምቷ ነበር። በየክረምቱ ያው ጠባብ ዶርም፣ ያው ሰልፍ፣ ያው ተበላሽቶ ጥገና የሚጠብቅ መሣሪያ። አሁን የምትፈልገው ወንበር ላይ ተቀምጣ ዓይኗን መጨፈን ብቻ ነበር።

ሾፌሩ ጆንያዋን ሊጭን አነሣና የተለጠፈበትን ወረቀት አነበበ።

«እህቴ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«የፕላስቲክ ቧንቧ ነው።»

«ጨረር ይላል እኮ።»

«ለጥናት ጨረር ተሰጥቶት ነው። አሁን ምንም የለበትም።»

መኪናው ውስጥ ጉምጉምታ ተነሣ። እታገኝ የምትባል የሞላሌ ነጋዴ ከኋላ ወንበር፣ «እኛ የምናሳድጋቸው ልጆች አሉን፤ ይውረድልን» አለች። ሌሎችም ተቀበሏት። ጽናት ማስረዳት ትችል ነበር። ግን ለዶርም ዘበኛውም፣ ለመናኸሪያ ፈታሹም ስታስረዳ ነው የመጣችው፤ ቃላቱ አልቀውባታል። ጆንያዋን ተቀብላ ለመውረድ እግሯን አወጣች።

«ይስጡኝ፣ እኔ እይዘዋለሁ» አለ አንድ ሰው።

ሦስተኛው ወንበር ላይ የተቀመጠ፣ ረጅም፣ ጋቢውን በጃኬቱ ላይ የደረበ ጎልማሳ ነው። ጆንያውን ከእጇ ወሰደና ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላት። ሾፌሩ በሩን ዘጋ። መኪናው ተነሣ።

ጣርማ በር ላይ ጉም ዋጣቸው። ሾፌሩ መብራት አብርቶ በእግር ያህል ይሄዳል። ሰውየው ጆንያውን እንደታቀፈ ነው።

«እርስዎ አይፈሩም?» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«እፈራለሁ» አለ። «ግን ሴት ልጅ በዚህ ዝናብ ከመኪና ስትወርድ ዝም ብሎ ማየትም ይከብዳል።»

ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

«ራጅ ተነሥተው ያውቃሉ?»

«አንድ ጊዜ፣ እግሬን።»

«ከዚያ በኋላ እግርዎን የፈራ ሰው አለ? ይኼም እንደዚያው ነው። ጨረሩ አልፎ ይሄዳል እንጂ ቧንቧው ውስጥ አይቀርም።»

ስሙ አትናቴዎስ ነው። ዘመሮ አካባቢ የመሪጌታ ልጅ ሆኖ አድጎ ዜማውን ትቶ የወረዳው የውኃ ቴክኒሽያን ሆኗል። ቧንቧ ሲባል ጊዜ ጠያቂ ሆነ፤ ጨረሩን ከየት እንዳገኘችው፣ ስንት ቀን እንደፈጀ ጠየቃት። አዲስ አበባ ዳርቻ ያለ ማእከል ውስጥ እንደሆነ ነገረችው። ማእከሉ ከብት የሚጨርሰውን የገንዲ በሽታ የሚያስተላልፈውን ዝንብ ወንዱን በጨረር አምክኖ ይለቃል፤ ዝንቡ ሳይራባ ያልቃል። እሷም በልመና ቧንቧዋን እዚያ ለሦስት ሳምንት አስቀምጣለች።

«ዝንቡን ያመክናል?» አለ አትናቴዎስ።

«ያመክናል።»

እታገኝ ከኋላቸው ጆሮዋን ጥላ ትሰማ ነበር። ሁለቱም አላዩአትም።

አትናቴዎስ ትምህርት ቤት የመጣው በጥቅምት ነው። የመጣው ለቧንቧው እንደሆነ ተናገረ፤ ጫማውን ግን ቀለም አስነክቶት ነበር።

ከዘመሮ ወጣ ብላ አንዲት ጤና ጣቢያ አለች። የማዋለጃ ክፍሏ ጣሪያ ላይ በፀሐይ ውኃ የሚያሞቅ በርሜል ተተክሎላታል። ከበርሜሉ ወደ ክፍሉ የሚወርደው ቧንቧ ግን እኩለ ቀን ላይ ውኃው ሲፋጅ ይለሰልስና እንደ ፊኛ ተነፍቶ ይፈነዳል። አትናቴዎስ በዓመት ሦስት ጊዜ ቀይሮታል። አዋላጇ ሲስተር ጌታነሽ በዚያ ብርድ ለአራሶች ውኃ በእንጨት ታሞቃለች።

«የእርስዎ ቧንቧ ይችለዋል?» አላት።

«ቅዳሜ ይምጡና በዓይንዎ ይዩት።»

ቅዳሜ በትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ የጋዝ ምድጃ ለኩሳ ዘይት ጣደች። ከሁለት ጥምጥም አንዳንድ ቁራጭ ቆረጠች፤ አንዱ ጨረር ያላገኘ፣ አንዱ ያገኘ። ሁለቱም ወተት የመሰሉ ነጮች ናቸው፤ ቢደባለቁ መለየት አይቻልም። በቀጭን ሽቦ አንጠልጥላ ዘይቱ ውስጥ ነከረቻቸው።

ቴርሞሜትሩ መቶ አሥራ አምስት ሲደርስ ያልተነካው ቁራጭ ጫፉ ተንጠባጠበ። ትንሽ ቆይቶ ከሽቦው ላይ ሸሸና ድስቱ ሥር እንደ ሰም ተኛ። ሌላው ግን ቀስ እያለ ነጭነቱን ተወና ጠራ። እንደ መስተዋት ሆነ። ቅርጹ ግን እንዳለ ነው። አትናቴዎስ ጎንበስ አለ፤ እሷም በወዲያኛው በኩል ጎንበስ አለች።

«የሚቀልጥበት ዲግሪ ጨመረ ማለት ነው?»

«አልጨመረም። መሣሪያው በሠራ ጊዜ ለክቼዋለሁ፤ እንዲያውም አንድ ሁለት ዲግሪ ቀንሷል። የተለወጠው ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው። ፕላስቲክ ረጃጅም ሰንሰለት ነው ይበሉ። ያልተነካው ሲግል ሰንሰለቶቹ ይላቀቁና ይፈሳል። ጨረር ሲያልፍበት ግን እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ። ሲግል ይለሰልሳል እንጂ አይፈስም።»

ቁራጩን አውጥታ በጨርቅ አደረቀችው። ሲበርድ ነጭነቱ ተመለሰ። መዳፉ ላይ ስታስቀምጥለት ጣቷ እጁን ነካ።

ኅዳር መጀመሪያ ላይ ቧንቧው ተገጠመ። ጽናት ለእያንዳንዱ ማጠፊያ የሚሆን መጋጠሚያም አብራ ሰጥታው ነበር፤ ሁለት ጊዜ ላለመመላለስ ብላ መጋጠሚያዎቹንም ከቧንቧው ጋር በአንድ ሣጥን ለጨረር አስገብታቸዋለች። ለስድስት ሳምንት ሲስተር ጌታነሽ በየቀኑ ቧንቧ ከፍታ ሙቅ ውኃ ቀዳች። አትናቴዎስ በየሳምንቱ ስልክ እየደወለ «ይዟል» ይላል። ጽናት «እሺ» ትላለች። ስልኩን ግን ቶሎ አይዘጉትም።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ፣ ሌሊቱ ውርጭ ቀኑ ሐሩር በሆነበት ሰሞን፣ ጣሪያው ሥር ያለው መጋጠሚያ ድንገት ተሰነጠቀ። አትናቴዎስ ለምርመራ መሰላል ላይ ነበር። የፈላው ውኃ ከክርኑ እስከ አንጓው ወረደበት።

ጽናት የሰማችው ከሲስተር ጌታነሽ ነው። በማግሥቱ በጭነት መኪና ጋቢና ተሳፍራ ዘመሮ ደረሰች፤ ከዚያ ጤና ጣቢያዋ ድረስ በእግሯ ሄደች። አትናቴዎስ ክንዱ በፋሻ ተጠምጥሞ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ አንድ አምስት ሠራተኞች ቆመዋል። እሱን ሰላም ሳትል የተሰነጠቀውን መጋጠሚያ አነሣችና በሁለት ጣቷ ጫን አለችው። እንደ ደረቅ ብስኩት ተፈረካከሰ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። ሁሉም ዞረው አዩዋት። «ይኼ ከቧንቧው የተለየ ፕላስቲክ ነው። ያው ጨረር የዚያን ሰንሰለት ሲያያይዝ የዚህን ቆራርጦታል። ሙቀት የሚችለውን አቅሙን ወስዶበታል። ለይቼ ማስገባት ነበረብኝ። ደክሞኝ ነው፤ ደክሞኝ አንድ ላይ አስገባሁት።»

«ያጠበቀው የእኔ እጅ ነው» አለ አትናቴዎስ።

«ያንተ እጅ አይደለም።»

ቀና ብሎ አያት። ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» ማለቷን ሁለቱም አንድ ላይ ሰሙ።

«ስትነኪው አልቆረጠሽም?» አላት።

በነሐስ መጋጠሚያ ቀየረው። ቧንቧው ያዘ። እሷ ግን የተሰባበሩትን ቁርጥራጮች በፖስታ ይዛ በሚቀጥለው ክረምት እንደገና መለካት ነበረባት። መሣሪያው ከሐምሌ ጀምሮ ተበላሽቶ ከረመ። በነሐሴ የመጨረሻ ሳምንት ሠራና ተጨማሪውን ምዕራፍ በአሥር ቀን ጻፈች። አማካሪዋ ዶክተር መኳንንት፣ «ከጥናትሽ ሁሉ የሚነበበው ስለተሰበረው የጻፍሽው ነው» አሏት። ተመረቀች። ፎቶ ስትነሣ ዓይኗ ሥር ጠቁሮ ነበር።

አትናቴዎስ ሽማግሌ ልላክ ያለው ያን ጊዜ ነው። እናቱ ወይዘሮ አመተሥላሴ እምቢ አሉ። የሞላሌዋ እታገኝ በሚኒባስ የሰማችውን ገበያ ላይ ካወራችው ቆይታለች። ወሬው ዘመሮ ሲደርስ አድጎ ነበር፤ ልጅቱ ጨረር ቤት ኖራለች፣ ዝንብ ስታመክን ነበር፣ እሷም መክናለች ይላል። ልጃቸው ክንዱን ሲቃጠል ደግሞ ሁሉም ነገር ተረጋገጠላቸው።

«አንድ ልጅ ነው ያለኝ» አሉት። «ዝንብ ያመከነ ነገር ሴትን ይምራል?»

«አባዬ ይጠይቋት» አለ አትናቴዎስ።

ጽናት ዘመሮ መጣች። አባቱ መሪጌታ ኪዳነ ወልድ ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፅ ነው ሰው የሚለዩት። መደቡ ላይ አስቀመጧት። ወይዘሮ አመተሥላሴ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ከምሰሶው ሥር ቆሙ።

«ልጄ፣ ጨረሩ ካለበት ክፍል ገብተሽ ታውቂያለሽ?»

«አልገባሁም አባባ። ግድግዳው ከአንድ ሰው ቁመት በላይ ውፍረት አለው። ቧንቧዬን ሰጥቻቸው ከውጭ እጠብቅ ነበር። ደረቴ ላይ መለኪያ ሰክተውልኝ ምንም አልመዘገበም።»

«እንግዲያ ልጅ ትወልጃለሽ።»



«ጨረሩ አልነካኝም። ልጅ እወልዳለሁ ብዬ ግን ቃል አልገባም። ያንን አስቀድማ የምታውቅ ሴት የለችም።»

መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይቺ ልጅ አትዋሽም» አሉ ወደ ሚስታቸው ዞረው። «ሽማግሌ ይሂድ።»

በጥር 2005 ተጋቡ። መሐል ሜዳ ሁለት ክፍል ቤት ተከራዩ። ጠዋት ጠዋት እሷ ወደ ትምህርት ቤት፣ እሱ በሞተር ሳይክሉ ወደየቀበሌው ይወጣል። ማታ ተገናኝተው ስለ ተማሪዎቿ፣ ስለ ተሰበረ ፓምፕ ያወራሉ። ጨዋታቸው ጥሩ ነበር። እሱ ሲደክመው ድምፁ ይወርዳል፤ እሷ ያንን ድምፅ ትወደው ነበር።

ልጅ አልመጣም። አንድ ዓመት ሞላ፤ ሁለት፤ ሦስት። መሪጌታ በሦስተኛው ዓመት ዐረፉ። ወይዘሮ አመተሥላሴ ክፉ ቃል አልተናገሩም፤ ዘመሮ በመጣች ቁጥር ግን ጎሕ ሲቀድ ጠበል ይወስዷታል። የመንዝ ውኃ በዚያ ሰዓት አጥንት ይቆጠቁጣል። ጽናት አንድም ቀን አልሄድም አላለችም። ከጠበሉ ስትመለስ መንገድ ላይ የሚያገኟቸው ሴቶች ሰላም ብለው ካለፉ በኋላ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። የምትሰማው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ጨረር።

በአራተኛው ዓመት የተማረችውን ራሷ ተጠራጠረች። ያን መለኪያ ምናልባት በደንብ አልሰኩልኝ ይሆን አለች። ስንት ቀን እዚያ በር ላይ እንደቆመች ቆጠረች። ዶክተር መኳንንት ጋ ደውላ የድሮው መዝገብ እንዲታይላት ለመነች። ታየላት፤ ምንም የለበትም። ስልኩን ዘግታ ወንበሩ ላይ ብዙ ተቀመጠች። ማመን የሚገባትን ነገር ማመን አልቻለችም።

አትናቴዎስ ከሥራ ሲገባ እንደዚያው አገኛት።

«ሐኪም ቤት እንሂድ» አላት። «ሁለታችንም።»

«እኔ ነኝ የምመረመር። አንተ ምን ቤት ነህ?»

«ሁለታችንም» አለ።

ደብረ ብርሃን ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። በሦስተኛው ሐኪሙ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ መጀመሪያ እሷን አየ፤ እሷ ጤነኛ ናት። ከዚያ ወደ አትናቴዎስ ዞሮ ልጅ ሳለ ምን ታሞ እንደነበር ጠየቀው።

«አሥራ አራት ዓመቴ ላይ ጆሮ ደግፍ ይዞኝ ነበር። ወደ ታችም ወርዶ አብጦ ነበር።»

ሐኪሙ ብዙም አላብራራም። የተናገረው ይበቃ ነበር።

ወደ መሐል ሜዳ የሚመለሱበት መኪና ሞላሌን አለፈ። ጽናት ደስ አላላትም፤ ያዘነችም አይመስላትም። ለዓመታት የተሸከመችው ነገር ከጀርባዋ ሲወርድ የወረደበትን ቦታ አየች፤ እሱ ጭን ላይ ነበር። እጁን ያዘችው።

«ለእማዬ እነግራቸዋለሁ» አለ።

«ተወው። ለምዶብኛል። እኔን ሲያሙኝ ቆይተዋል፤ አሁን አንተን ቢያሙህ ምን ይጠቅማል? ወንድ ልጅ ይኼ ሲወራበት አታውቀውም።»

«ያንቺ ያልሆነውን ስትሸከሚ አራት ዓመት አየሁ። ያየሁትን ያህል ዝም ብያለሁ። ያ ይበቃል።»

«አትናቴዎስ፣ እባክህ።»

«ይበቃል» አለ ደግሞ፣ በዚያ ሲደክመው በሚወርደው ድምፁ።

በግንቦት የማኅበር ተራ ለወይዘሮ አመተሥላሴ ደረሰ። ከቅዳሴ በኋላ ካህናቱና ጎረቤቶቹ ገቡ። እታገኝም ነበረች፤ እህቷ የተዳረችው ለዘመሮ ሰው ነው። ጽናት ከማለዳ ጀምራ ቆማለች፤ ጠላ ትቀዳለች፣ ሳህን ታነሣለች። ጸሎቱ አልቆ ሰው ሲጫወት አንዷ አሮጊት ምርቃት መስሏት፣ «ለከርሞ ማርያም ማሕፀንሽን ትፍታልሽ» አለቻት። ጽናት «አሜን» አለች።

አትናቴዎስ ከወንዶቹ መካከል ተነሣ።

«እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ የምናገረው አለኝ» አለ። እጁን ወደ ኋላ አጣመረ። «በእሷ ላይ ስለ ጨረር የሚወራው ውሸት ነው። ተመርምረናል። እሷ ምንም የለባትም። የማልወልደው እኔ ነኝ። ልጅ ሳለሁ ከያዘኝ ጆሮ ደግፍ የመጣ ነው። ካሁን በኋላ የሚያማ ካለ እኔን ይማ።»

ተቀመጠ። አንድ ቄስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እታገኝ ብርጭቆዋን እያየች ነበር።

ወይዘሮ አመተሥላሴ ልጃቸውን ብዙ አዩት።

«ሦስት ሳምንት ነበር የታመምህ» አሉ። «እኔ ነኝ አጠገብህ የነበርሁ። ሐኪም ቤት ሩቅ ነው ብዬ ሳልወስድህ ቀረሁ።»

«ቢወስዱኝም ያው ነበር፤ ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ እማዬ።»

ከመደቡ ተነሥተው በሰዎቹ መካከል አለፉና ጽናት ወደቆመችበት ጓዳ በር ሄዱ። የጠላውን ጆግ ከእጇ ወሰዱ። ጽናት ልትከለክላቸው እጇን ዘረጋች፤ እጇን ያዙትና ይዘው ወደ መደቡ አመጧት። ራሳቸው የተነሡበት፣ የበግ ለምድ የተነጠፈበት ቦታ ነው።

«ተቀመጪ» አሉ።

«ኧረ እማማ፣ እንግዳው—»

«እኔ እቀዳለሁ። ተቀመጪ ልጄ። ደክሞሻል።»

ጽናት ተቀመጠች። ከወዲያ ማዶ አትናቴዎስ ያያት ነበር፤ ፊቱ ገርጥቷል፤ ዓይኑን ግን አልሰበረም። ወይዘሮ አመተሥላሴ ጎንበስ ብለው ብርጭቆ ሲሞሉላት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበችና፣

«አዎ እማማ» አለች። «ደክሞኛል።»